ፊት እንጂ ብረት ድስት አይደለም

ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ወጣት በመጀመሪያ ደመወዙ የሚገዛው ነገር ጠባዩን ሳይገልጽ አይቀርም። አንዱ ለእናቱ ጋቢ ይገዛል፤ ሌላው ጫማውን ይለውጣል፤ ሌላው ደግሞ በተማሪነቱ ዘመን የተበደረውን ይከፍላል። እኔ ግን፥ እውነቱን ለመናገር፥ የፊት መፋቂያ ገዛሁ።

አንባቢ አይሣቅብኝ፤ ምክንያት ነበረኝ። አዲስ የተቀጠርሁበት መሥሪያ ቤት የመታወቂያ ወረቀት ሊሰጠኝ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ለመታወቂያውም ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የወጣሁት ዲግሪ ብቻ አልነበረም፤ በግንባሬና በአገጬ ላይ የሰፈረ ብጉርም ነበረ። ይህን ብጉር ይዤ ለብዙ ዓመት በአንገቴ በሚንጠለጠል ካርድ ላይ መታየት አልፈለግሁም። በዚያ ላይ በስልኬ መስኮት ማታ ማታ ብቅ እያለች ምክር የምትለግስ አንዲት ወይዘሪት ነበረች፤ ፊቷ እንደ ብርጭቆ ያበራል፤ ምሥጢሩም የሞተውን ቆዳ በየቀኑ ጠርጎ መጣል መሆኑን ትምላለች።

ወደ አንድ የመዋቢያ ዕቃ መደብር ገባሁና ባለ መደብሩ ሦስት ዕቃ ደረደረልኝ። አንደኛው የተፈጨ የፍሬ ቅርፊት የተቀላቀለበት፥ ሰዎች «ስክራብ» የሚሉት ክሬም ነው። ሁለተኛው በጥጥ እየነከሩ የሚቀቡት ውኃ መሰል አሲድ ነው። ሦስተኛው ማታ የሚቀባ ሬቲኖል ነው። ቀድሞ ከቤቴ የነበሩትን ሉፋና ሎሚ ስጨምርበት አምስት ሆነ። አምስቱንም አንድ ቀን ጀመርኋቸው፤ ጧትና ማታ።

የመጀመሪያው ሳምንት የደስታ ሳምንት ነበረ። ፊቴ ለሰለሰ፤ በመሥሪያ ቤትም «ምን ተቀባህ?» የሚል ሰው አልጠፋም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን አንድ ቀን ጧት ከቧንቧ የወረደው ቀዝቃዛ ውኃ ፊቴን እንደ በርበሬ ለበለበኝ። ሁልጊዜ የምቀባው ተራ ቅባት እንኳ ቆጠቆጠኝ። እኔም «መድኃኒቱ አሁን ገና መሥራት ጀመረ» አልሁ። በልጅነታችን ወድቀን ጕልበታችን ሲላጥ አልኮል እያፈሰሱብን «ካላቃጠለ አያድንም» ብለው ያሳደጉን ሰዎች ይህን እምነት በአጥንታችን ውስጥ ሳይተክሉት አልቀሩም። ከዚያ በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ቆዳው ይላላጥ ጀመር፤ የሞተ ቆዳ ተረፈ ብዬ አጥብቄ ፈተግሁት። ከዚያ ደግሞ ከዚህ በፊት ብጉር አይቼበት በማላውቀው በጕንጬ ላይ ሽፍታ መሰል ጥቃቅን እብጠት ወጣ፤ አሲዱን ጨመርሁበት። ፎቶግራፉንም በዚያው ሰሞን ተነሣሁ።

እሑድ ቀን ምሳ ልበላ ብሄድ አክስቴ በሩን ከፍታ አየችኝና «አንተ ልጅ፥ ምን ተደፋብህ? የፈላ ውኃ ነው?» አለችኝ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወትኋት። ራሷን ነቀነቀችና «ፊት እኮ ነው፤ ያረረ ብረት ድስት መሰለህ እንዴ?» አለች። በማግሥቱ የሄድሁባት የቆዳ ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር አልነገረችኝም፤ ብቻ የእርሷ በትምህርት የተደገፈ ነበረ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን እንደምቀባ ሳይሆን ስንት ነገር እንደምቀባ ነው። በጣቶቼ ቆጥሬ አምስት አልኋት። መድኃኒት ልታዝልኝ ነው ብዬ ስጠባበቅ አምስቱንም እንድተው አዘዘችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምጽፈው ከእርሷ የሰማሁትን፥ በኋላም ራሴ እያገላበጥሁ ያነበብሁትን አንድ ላይ አድርጌ ነው። በተማሪ ቤትና በመሥሪያ ቤት ከማውቃቸው እኩዮቼ መካከል ይኸው የደረሰባቸው ብዙዎች መሆናቸውን ያወቅሁት የራሴን ካወራሁ በኋላ ስለ ሆነ ለብቻዬ ይዤው መቀመጡን አልወደድሁም። (ዓመታቱን የማነሣው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የቆዳችን የመጨረሻው የላይኛው ሽፋን፥ ያ «የሞተ ቆዳ» እያልን የምናሳድደው፥ በእርግጥም ሕይወት የሌላቸው ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተደራረቡበት ነው። ድርቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ይደርሳል። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ ከአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት አምስተኛ እጅ ቢያክል ነው፤ የመዳፍና የተረከዝ ብቻ ከዚህ እጅግ ይወፍራል። ሙት ነው ተብሎ ግን ሥራ ፈት ነው ማለት አይደለም። የውስጡን እርጥበት አምቆ የሚይዝ፥ የውጭውን መርዝና ተሐዋስያን የሚመልስ እርሱ ነው። ፒተር ኢላያስ የተባለው አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ሽፋን በጡብና በሲሚንቶ ከተሠራ ግንብ ጋር አመሳስሎታል። እኛ የጎንደርን ግንብ ማሰብ እንችላለን። ሕዋሳቱ ድንጋዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ኖራ ደግሞ ሴራማይድ፥ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች የሚባሉ ቅባቶች ድብልቅ ነው። ኖራው ከተፋቀ ድንጋዩ እንደ ቆመ ዝናቡ ይገባል። እኔን ቀዝቃዛ ውኃ ያቃጠለኝ ውኃው ተለውጦ ሳይሆን ግንቡ ፈርሶ ነበረ።

ግንቡ ራሱን በራሱ የሚያድስ መሆኑን ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሥር የተወለደ ሕዋስ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጥቶ፥ ደርቆ፥ ሥራውን ፈጽሞ ማንም ሳይነካው ይረግፋል። ይህ ጕዞ በወጣት ሰው ወደ 4 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይዘገያል። እንግዲህ ጧትና ማታ የሚፍቅ ሰው በወር የሚመረተውን በሳምንት የሚያጭድ ገበሬ ነው።

ከኖራው በላይ ደግሞ ወዝ አለ። እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። አባቶቻችን የሰውን መልክ ሲያመሰግኑ «ወዘናው!» ይሉ ነበር፤ ጤና የጐደለውን ደግሞ «ወዙ ተመጦ» ይሉታል። ከቆዳ ዕጢዎች የሚወጣውን ይህን ቅባት የጤና ምልክት አድርገው ነበር የሚቈጥሩት። የእኛ ትውልድ ግን ወዝን ከእድፍ ቈጥሮ ፊቱን ሲታጠብ እንደ ሳሕን «ጢጥ» እስኪል ይፈትጋል። ጢጥ የሚል ሳሕን ንጹሕ ነው፤ ጢጥ የሚል ፊት ግን የተዘረፈ ነው።

በዚህ ላይ የቆዳችን ገጽ በመጠኑ አሲድነት አለው። ሻደና ማርኪዮኒኒ የተባሉ ጀርመኖች በ1928 ይህን የቆዳ ገጽ «የአሲድ ካባ» ብለው ሰይመውታል። የአሲዱ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ በ5 አካባቢ ነው። የልብስ ሳሙና ግን 9ና 10 ይደርሳል፤ ካባውን ገፎ ይሄዳል። የሎሚ ውኃ በተቃራኒው ወደ 2 ይወርዳል። «ሎሚ የተፈጥሮ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ እሳትም የተፈጥሮ ነው። በሎሚ ልጥና ጭማቂ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ቅመም ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ እስኪቋጥር የሚያቃጥልበት ጊዜ እንዳለ፥ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት እንደሚተውም ሐኪሞች በሚገባ ያውቁታል።

ስለ መፋቅ ሳስብ ቆዳ ፋቂዎች ትዝ ይሉኛል። በማይገባ ንቀት ሲጠሩ የኖሩት እነዚህ ባለ እጆች ቆዳውን ወጥረው ሥጋውንና ጠጕሩን ይፍቁታል። ነገር ግን ፍቀው አይተዉትም፤ ሲያለፉት ቅባት ይመልሱለታል፤ ያለዚያ እንደ እንጨት ደርቆ ይሰነጠቃል። ከሞተ ከብት ቆዳ የማይነፈገውን ቅባት እኛ ከገዛ ፊታችን ነፈግን።

የመፋቅ ታሪክ አዲስ አይደለም። የጥንት ሮማውያን ስትሪጂል በሚባል ጎባጣ ብረት ገላቸውን ይፍቁ ነበር፤ ብረቱ ከመድረሱ በፊት ግን ገላቸውን ዘይት ይቀቡ ነበር። በሞሮኮ ሐማም ጥቁሩ የወይራ ሳሙና ተቀብቶ፥ እንፋሎቱ ቆዳውን ካራሰው በኋላ ነው ኬሳ የሚባለው ሸካራ ጓንት የሚመጣው። በአዲስ አበባ «ሞሮኮ ባዝ» እየተባለ የተስፋፋውም ይኸው ነው። ለክንድና ለእግር አልፎ አልፎ ቢሆን አልቃወምም። ችግሩ በጓንቱ ሥር እየተጠቀለለ የሚወርደውን ጥቁር ነገር ስናይ የሚሰማን ነው። «ይህ ሁሉ እድፍ ነበረብኝ?» እንላለን። እድፍ አይደለም፤ አብዛኛው ከሳሙናና ከወዝ ጋር የተለወሰ የላይኛው ሽፋናችን ነው። የሚጠቀለለው እስኪያልቅ ልፈትግ የሚል ሰው ደም እስኪወጣ ማቆሚያ የለውም፤ ቆዳ እስካለ ድረስ የሚጠቀለል አይጠፋምና። በተረከዝ ላይ የሚሄደውን ድንጋይና በጀርባ ላይ የሚሄደውን ጓንት ወደ ፊት ማምጣት ደግሞ በጆንያ ስፌት መርፌ ሐር እንደ መስፋት ነው።

እንግዲህ ፊት ከልክ በላይ መፋቁን በምን እናውቃለን? በጣም የሚከብደው ይህ ነው፤ ምልክቶቹ ሁሉ ሌላ ነገር ይመስላሉና።

የመጀመሪያው ማታለያ ማብራቱ ነው። ወዝ ያለው ፊት ያበራል፤ የተላጠም ፊት ያበራል። ወዝ ያለው ሲዳስሱት ለስላሳ ነው፤ እንደ ልብ ይሣቅበታል። የተላጠው ግን እንደ ሰም ወይም እንደ ተወጠረ ላስቲክ ያብለጨልጫል፤ ሲነካ ደረቅ ነው፤ ሲሥቁበትም ጥቃቅን መሥመር ያወጣል። እኔ ያን ማብለጭለጭ የብርጭቆዋ ወይዘሪት ተስፋ የሰጠችኝ ብርሃን መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው መቆጥቆጥ ነው። ቀድሞ የማያቃጥል ተራ ቅባት፥ ላብ ወይም ውኃ ማቃጠል ከጀመረ ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያሻም። ፊትን ታጥቦ ምንም ሳይቀቡ ጥቂት ሲቆዩ ቆዳው የጠበበ ሸሚዝ ይመስል የሚወጠር ከሆነም እንዲሁ ነው። የሚላላጠው ቆዳ፥ የአፍንጫና የከንፈር ጠርዝ መሰንጠቅ፥ ድንገት የሚወጣው ጥቃቅን እብጠት ከዚህ ቀጥሎ ይመጣሉ። ሰው የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው፤ የተላላጠው ተጨማሪ መፋቅ፥ የወጣው እብጠት ተጨማሪ አሲድ የሚጠይቅ ይመስላል። በሽታው የራሱን መንሥኤ መድኃኒት አስመስሎ ያስገዛል።

ሦስተኛው ለእኛ ለጥቁሮች የሚከብድ ነው። በስልክም በመጽሐፍም የምናነበው ምክር «ቆዳዎ ከቀላ ያቁሙ» ይላል። ይህ የተጻፈው ለነጭ ቆዳ ነው። ሐኪሞች ቆዳን በፀሐይ አቀባበሉ የሚከፋፍሉበት፥ ፊትዝፓትሪክ የተባለ ሐኪም በ1975 ያወጣው መለኪያ እንኳ መጀመሪያ የነጮችን ዓይነት ብቻ የያዘ ነበረ፤ የጠይምና የጥቁር ቆዳ ተራ የተጨመረበት በኋላ ነው። የእኛ ፊት ሲቆጣ እንደ ቲማቲም አይቀላም። ጠቈር ይላል፤ ወይም ወደ ወይን ጠጅነት ወይም ወደ አመድማነት ያደላል። መቅላትን የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ እንግዲህ ሳይቀላ ያልቃል። ዓይን ሲያታልል እጅ ይረዳል፤ የእጅን ጀርባ በጕንጭና በአንገት ላይ እያፈራረቁ ማስነካት ነው። ጕንጩ ከአንገቱ የሚሞቅ ከሆነ፥ መልኩም ከአንገቱ ጋር የማይገናኝ ከሆነ ቆዳው ተቆጥቷል።

ይህን ችላ ማለት የሚያስከትለው ጉዳት ከመቆጥቆጥ ያልፋል። ጠይም ቆዳ በተቆጣበት ቦታ ሁሉ ቀለም ያፈሳል፤ ቁጣው ከበረደ በኋላም ጥቁሩ ምልክት ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይቆያል። ፀሐይ ደግሞ ያጠነክረዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐዩ የሚመታን አይመስለንም፤ ጃንጥላ መያዝን ለእናቶቻችን ብቻ ትተንላቸዋል። አሲድ የተቀባ ፊት ግን ከሁሉ ይበልጥ ለዚህ ጨረር የተጋለጠ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ካስጠናቸው ጥናቶች እንደሚታየው ግላይኮሊክ አሲድ 4 ሳምንት የተቀባ ቆዳ በፀሐይ የመቃጠል ዝንባሌው በአማካይ በ18 በመቶ ከፍ ይላል፤ መቀባቱ ከቆመ በኋላ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። መሥሪያ ቤቱ በ2005 እንዲህ ያሉ አሲዶች የፀሐይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው ምክር አውጥቷል። የእኔ ጠርሙስም ማስጠንቀቂያው ነበረበት፤ ፊደሉ የጕንዳን እግር ያህል ስለ ነበረ አላነበብሁትም።

ጥቁሩ ምልክት ሲወጣ ሰው ሁሉ «ማድያት» ይለዋል። ማድያት ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከእርግዝና፥ ከሆርሞንና ከፀሐይ ጋር የተያያዘ ነው። ስሙን ከሳትን መድኃኒቱንም እንስታለን። «ማድያት ያጠፋል» ተብሎ ማብራሪያ ሳይለጠፍበት የሚሸጠው ክሬም ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያለ ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት አለበት። ይህ መድኃኒት በሐኪም እጅ ሲሆን ጠቃሚ ነው። በተፋቀ ፊት ላይ በዘፈቀደ ሲቀባ ግን በሁለትና በሦስት ቀን ቃጠሎውን ጸጥ ያደርጋል፤ ሰውየውም አገኘሁት ይላል። ውሎ አድሮ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ሲያቆሙትም ፊቱ በሽፍታ ተወርሮ ከፊተኛው የከፋ ይሆናል። በስክራብ ተጀምሮ እዚህ የደረሰ ሰው አውቃለሁ። አሁን ያለ ጃንጥላ ከቤት መውጣት የማትችል፥ የምርቃት ፎቶግራፏን ለማንም የማታሳይ ልጅ ናት። ሰው ፊቱን ሲያጣ የሚያጣው ውበት ብቻ አለመሆኑን ከእርሷ ተምሬአለሁ።

ወደ መዳኛው እንምጣ። ይህ ክፍል አጭር ነው፤ አብዛኛው መተው ነውና። ስክራቡ፥ ሉፋው፥ አሲዱ፥ ሬቲኖሉ፥ ሎሚው ሁሉም ይቆማል። አንዱን ትቶ አንዱን ማቆየት አይሆንም። ፊት በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውኃ፥ ካስፈለገም ሽቶ በሌለው ለስላሳ ማጠቢያ ይታጠባል፤ በፎጣ አይታሽም፤ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይደርቃል። ገና እርጥብ ሳለ ሽቶ የሌለው ተራ ቅባት ይቀባል፤ ሴራማይድ ያለበት ቢገኝ የጐደለውን ኖራ የሚተካ ስለ ሆነ መልካም ነው። የማይገኝ ከሆነ ግን ሰው አይጨነቅ። ሮበርት ቼዝብራ የተባለ አሜሪካዊ በ1872 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ቫዝሊን ዛሬም ከብዙ ውድ ጠርሙስ የበለጠ እርጥበት አምቆ ይይዛል። ማታ ማታ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። ግሊሰሪንም በየቤታችን አለ፤ ነገር ግን ወፍራሙን እንዳለ በደረቅ ፊት ላይ መለጠፍ ሳይሆን ውኃ ቀላቅሎ በእርጥብ ፊት ላይ መቀባት ይሻላል።

አክስቴ ለጋ ቅቤ ልትቀባኝ ፈልጋ ነበር፤ ለራስ ጠጕሬ ብቻ ፈቀድሁላት። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ እሬት ከግቢው ቈርጦ አመጣልኝ። እሬት ከልጡ ሥር ያለው መራራ ቢጫ ፈሳሽ ራሱ ቆዳን የሚያስቈጣ መሆኑን አንብቤ ስለ ነበረ አመስግኜ መለስሁት። ለወንዶች የምጨምረው ምላጭም መፋቂያ መሆኑን ነው። በእነዚያ ሳምንታት ጢሜን አልተላጨሁም፤ የክፍል ኃላፊያችን «ሐዘን ደረሰብህ እንዴ?» ብለው እስኪጠይቁኝ ድረስ።

ከቤት ሲወጡ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ፥ ቆዳው ከታገሠውም መከላከያ ቍጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ያስፈልጋል። ለተቆጣ ቆዳ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ይመረጣል። በጥቁር ፊት ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ማስመሰሉ እውነት ነው፤ ብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት ቀለማማው ዓይነት ይህ ነውር የለበትም፤ ለጥቁር ምልክትም የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል።

ስንት ቀን ይፈጃል? ጤናማ ወጣት ቆዳ አንድ ጊዜ ብቻ ቢላጥ ከግንቡ ብዙውን በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ ይሠራል። ለሳምንታት የተፋቀው ግን አንድ ሙሉ የቆዳ ዙር፥ ማለት 4 ሳምንት፥ አንዳንዴም 6 ይጠይቃል። የእኔ መቆጥቆጥ በአሥር ቀን ተወኝ፤ ሽፍታው በአራተኛው ሳምንት ጠፋ፤ ጥቁሩ ግን ግማሽ ዓመት አብሮኝ ኖረ። ለተማሪዎች የምነግረው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ2001 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 27 የሕክምና፥ የጥርስ ሕክምናና የመድኃኒት ቅመማ ተማሪዎችን ይዞ ክንዳቸው ላይ ያለውን ሽፋን በማጣበቂያ ወረቀት እያነሣ ለመጠገን የሚወስድበትን ጊዜ ለካ። በዕረፍት ጊዜ ቶሎ የሚጠገነው ቆዳ በማጠቃለያ ፈተና ሰሞን ዘግይቶ ተገኘ። ፈተና ሲደርስ ፊቴ ተበላሸ ብሎ በብስጭት አዲስ አሲድ የሚገዛ ተማሪ ቆዳው ራሱን መጠገን በሚያቅተው ሰዓት ነው የሚፍቀው።

ፊት ውኃ ካዠ ወይም ቢጫ ቅርፊት ከያዘ፥ ዓይን ካበጠ፥ ትኵሳት ካለ፥ ወይም ሁሉን ትቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ከሌለ ግን ቫዝሊን ይዞ መቀመጥ አይገባም። ዘነበ ወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና ይታወቅ እንጂ የቆዳ ሕክምና ማስተማሪያም ነው፤ በልዩ ልዩ ከተሞች ባሉት ትልልቅ ሆስፒታሎችም የቆዳ ክፍል አለ። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው በተለይ በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን ከማቋረጡ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል።

ፊቱ ከዳነ በኋላ መፋቅ ለዘለዓለም እርም ነው አልልም። እነዚህ አሲዶች ክፉ ሆነው አልተፈጠሩም። ቫን ስኮትና ዩ የተባሉ ሰዎች በ1974 ጥቅማቸውን ሲገልጹ የተናገሩት ቆዳቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት እየወፈረ ለሚላጥ ሕመምተኞች መዳኛ መሆናቸውን ነው። ከመጠን በላይ ለወፈረ ቆዳ የተገኘውን መድኃኒት ከመጠን በላይ ስስ በሆነው ላይ የምናፈሰው እኛ ነን። ለብጉርም ሳሊሲሊክ አሲድ በልኩ ይረዳል። እኔ አሁን የያዝሁት በሳምንት አንድ ጊዜ፥ አንድ ዓይነት ብቻ፥ ማታ ነው፤ አዲስ ነገር ሲመጣም መጀመሪያ ከመንጋጭላዬ ሥር በትንሽ ቦታ ለጥቂት ቀናት እሞክረዋለሁ። የፍሬ ቅርፊቱን ክሬም ለአክስቴ ሰጠኋት። ብረት ድስት ለመፈተግ እንደሚሆን ነግራኛለች።

መታወቂያው ግን አልተለወጠም። በፎቶግራፉ ላይ ግንባሬ እንደ ተወለወለ ነሐስ ያብለጨልጫል፤ ጕንጮቼ ጠቍረዋል፤ ዓይኖቼም ከመቆጥቆጡ የተነሣ በግማሽ ተጨፍነዋል። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ጧት ጧት ካርዱን አንድ ጊዜ፥ እኔን አንድ ጊዜ ያዩና «ወንድምዎ ነው?» ይሉኛል። እኔም አዎን ብዬ እገባለሁ።